ኪንታሮት ነው ወይስ ሌላ ነገር? ለሴቶች የተዘጋጀ የመለያ መመሪያ

ከሽንት ቤት ሲነሡ ሶፍቱ ላይ ደማቅ ደም ያያሉ፤ ወይም ሲታጠቡ ጣትዎ ትናንት ያልነበረ እብጠት ያገኛል። ወዲያው ወደ አእምሮ የሚመጣው ኪንታሮት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ግምቱ ልክ ይሆናል። ግን በዚህ አንድ ስም ተሸፍነው ዓመታት የሚቆዩ ሌሎች ሕመሞች አሉ። ብዙ ሴቶች ቦታውን ለማሳየት ስለሚያፍሩ ጓደኛ የነገረቻቸውን ቅባት ገዝተው ዝም ይላሉ። ይህ መመሪያ ሐኪምን አይተካም። ምን ማየት እንዳለብዎ፣ ያዩትን በምን እንደሚለዩትና የትኛው ምልክት ቀጠሮ እንደማይሰጥ ግን ያስረዳል።

ኪንታሮት የሚሆነው ነገር በማንኛውም ጤነኛ ሰው ውስጥ አለ። በፊንጢጣ መውጫ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በደም ስሮች የተሞሉ ሦስት ዋና ዋና ትራሶች አሉ፤ አንዱ በግራ ጎን፣ ሌሎቹ ሁለቱ በቀኝ በኩል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ። ሥራቸው ጋዝና ፈሳሽ እንዳያመልጥ መውጫውን ማጥበቅ ነው። በሽታ የሚባሉት ሲያብጡ፣ ሲደሙ ወይም ከቦታቸው ተንሸራተው ሲወጡ ነው። እርግዝና ይህን ያፋጥነዋል። ያደገው ማህፀን ደም ወደ ላይ እንዳይመለስ ይጫናል፤ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል፤ ለደም ማነስ የሚሰጠው የአይረን ኪኒን ድርቀት ያመጣል፤ በመጨረሻም ምጥ አለ።

ለማየት ሲዘጋጁ

ጥሩው ጊዜ ከተጸዳዱና በውሃ ብቻ ከታጠቡ በኋላ ነው፤ ሲያምጡ የሚወጣ ነገር ካለ ያን ጊዜ ይታያል። ሳሙና፣ አልኮልና ዴቶል ቦታውን ስለሚያቃጥሉ አይጠቀሙ። ጥፍርዎን ይቁረጡ፤ እጅዎን ይታጠቡ፤ የእጅ መስታወትና የስልክ መብራት ወይም ባትሪ ያዘጋጁ።

መስታወቱን መሬት ላይ አድርገው በላዩ ቁጢጥ ማለት ይችላሉ። ጉልበትዎ ይህን ካልፈቀደ አንድ እግርዎን በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ያሳርፉ። እርግዝናዎ የገፋ ከሆነ በግራ ጎንዎ ተኝተው የላይኛውን ጉልበት ወደ ሆድዎ ይሳቡና የሚያምኑት ሰው እንዲያይልዎ ይጠይቁ። ፎቶ ማንሣትም ይቻላል፤ ልጆች በሚጫወቱበት ስልክ ግን ባይሆን ይመረጣል፤ ፎቶዎችን በራሱ ወደ ሌላ ቦታ የሚያስቀምጠውን አገልግሎትም አስቀድመው ይዝጉ።

መጀመሪያ ሳይነኩ ይዩ። ቀጥሎ በሁለት ጣቶች ቆዳውን ቀስ አድርገው ከግራና ከቀኝ ይክፈቱ። ከዚያ እንደሚጸዳዱ ሆነው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ በቀስታ ያምጡ፤ የሚወጣ ካለ ምን እንደሚመስልና ማማጡን ሲያቆሙ ወዴት እንደሚሄድ ይከታተሉ። በመጨረሻ ቫዝሊን በተቀባ ጣት ውጭውን ብቻ ይዳስሱ። ጣት ወደ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም፤ ገና ያልወጣ የውስጥ ኪንታሮት በጣም ለስላሳ ስለሆነ በጣት አይገኝም፤ ምንም አላገኘሁም ብሎ መጽናናትም አይቻልም።

ሐኪሞች ቦታውን የሚገልጹት በሰዓት ቁጥሮች ነው፤ 12 ወደ ብልት በኩል፣ 6 ወደ ጅራት አጥንት በኩል ነው። እርስዎ ግን በመስታወት ሲያዩ ግራና ቀኙ ሐኪሙ ከሚያየው ተገላብጦ ስለሚታይ በሰዓት ቁጥር ለመናገር አይሞክሩ። «በግራዬ በኩል፣ ትንሽ ወደ ኋላ» ቢሉ ማንም አይሳሳትም።

ያዩትን በሦስት ጥያቄ ይለዩ

መልክ ብቻውን ያታልላል። በተለይ በጠቆረ ቆዳ ላይ የፊንጢጣ ዙሪያ በተፈጥሮው ከሌላው ገላ ይጠቁራል፤ ስለዚህ በነጭ ቆዳ ላይ ጎልቶ የሚታየው ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም በእኛ ላይ ደብዝዞ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ እነዚህን ይጠይቁ፦ ያማል ወይስ አያምም? ይመለሳል ወይስ ውጭ ይቀራል? ገጹ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ ቆዳ?

የውስጥ ኪንታሮት የሚነሣው ከመውጫው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ካለ መስመር በላይ ነው። ከዚያ መስመር በላይ ያለው የአንጀት ሽፋን እንደ ቆዳ ሕመም አይሰማውም። ለዚህ ነው የውስጥ ኪንታሮት የመጀመሪያ ምልክቱ ሕመም ሳይሆን ደም የሚሆነው፦ ሶፍት ላይ የሚታይ ደማቅ ቀይ፣ አንዳንዴ ከዓይነ ምድሩ በኋላ ጠብ ጠብ የሚል፣ ከዓይነ ምድሩ ጋር ያልተቀላቀለ። ሲወጣ ገጹ እርጥብና የሚያብለጨልጭ፣ ቀለሙ ከሮዝ እስከ ደማቅ ቀይ ነው። ንፍጥ መሰል ፈሳሽ ይተዋል፤ የማያቋርጠው ማሳከክ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

ሐኪሞች ይህን ዓይነት በአራት ደረጃ ይከፍሉታል፤ አከፋፈሉ የሚጠራው በእንግሊዝ ሊድስ የቀዶ ጥገና ፕሮፌሰር በነበረው በጆን ጎሊገር ስም ነው። አንደኛው ደረጃ ይደማል እንጂ አይወጣም፤ በመስታወት አያዩትም። ሁለተኛው ሲያምጡ ይወጣል፤ ሲያቆሙ ራሱ ይመለሳል። ሦስተኛው በጣት ካልገፉት አይመለስም። አራተኛው ተገፍቶም አይገባም፤ ወይም ገብቶ ወዲያው ይወጣል። ከሐኪም ጋር ሲነጋገሩ ይህን አንድ ነገር ብቻ በትክክል ቢናገሩ የሕክምናውን መንገድ ግማሽ ያህል ወስነዋል፤ ምክንያቱም ሕክምናው ከእብጠቱ ስፋት ይልቅ በዚህ ላይ ይመሠረታል። አራተኛ ደረጃ የሆነው ኪንታሮት በድንገት ጠንክሮ ቢጠቁርና ሕመሙ የማይቻል ቢሆን፣ በጡንቻው ታንቆ ደም እየተቋረጠበት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

የውጭ ኪንታሮት ከመስመሩ በታች፣ በቆዳ ተሸፍኖ ያለው ነው። ቀለሙ የዙሪያው ቆዳ ቀለም ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ከተጸዳዱ በኋላ ሊያብጥና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሊያንስ ይችላል። ብዙ ሴቶች ምንም ሳያስቸግራቸው ይኖሩበታል።

የሚያስደነግጠው ሌላው ነው። ከባድ ዕቃ ካነሡ፣ ድርቀት ከነበረብዎ ወይም ካማጡ በኋላ በአንድ ሌሊት ከሽምብራ እስከ ወይን ፍሬ የሚያህል፣ ጠንካራ፣ ሲነኩት የሚያስጮህ እብጠት ይወጣል። ይህ በውጭ ኪንታሮት ውስጥ የረጋ ደም ነው። ቀለሙ ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ነው፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ጥንካሬውና ድንገተኛነቱ ከቀለሙ ይልቅ ይናገራሉ። ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ይከፋል፤ ከዚያ በራሱ ይቀላል፤ እብጠቱም በሳምንታት ውስጥ ይከስማል። እብጠቱ የወጣበትን ቀን ማወቅ የሚጠቅመው ለውሳኔ ነው፦ በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ሐኪም ከደረሱ በቦታው ማደንዘዣ ቀዶ ማውጣት ሕመሙን ቶሎ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ሕመሙ በራሱ መቀነስ ስለሚጀምር መታገሥ የተሻለ ይሆናል። አንዳንዴ እብጠቱ ራሱ ፈንድቶ ጠቆር ያለ ደም ያፈስሳል፤ ያስደነግጣል እንጂ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ እፎይታ ይመጣል።

እብጠቱ ሲከስም የተለጠጠው ቆዳ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ልስልስ ያለ፣ የማያምም፣ የማይደማ ቁራጭ ቆዳ ነው። ከወሊድ በኋላ «ኪንታሮቴ አልጠፋም» የሚሉ ብዙ እናቶች የያዙት ይህንን ነው። ሲታጠቡ ካላስቸገረ መነካት የለበትም።

ኪንታሮት የሚመስሉ ሌሎች

እዚህ ላይ ቸኩለው አይለፉ፤ ስሕተቱ የሚበዛው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ ደሙ ከየት እንደመጣ ይወስኑ። በወር አበባ፣ በአራስነትና ከማረጥ በኋላ ከብልት የሚመጣ ደም ከፊንጢጣ የመጣ ይመስላል። ከፊትና ከኋላ በተለያየ ንጹሕ ሶፍት ለየብቻ ቢያደርቁት ይለያል። ከማረጥ በኋላ ከብልት የሚመጣ ደም ጥቂትም ቢሆን ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነው።

ሲጸዳዱ እንደ ምላጭ የሚቆርጥና ከዚያ በኋላም ለሰዓታት የሚቆይ ሕመም ካለ፣ ደሙም ጥቂት መስመር ብቻ ከሆነ፣ ምክንያቱ የፊንጢጣ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በስተኋላ ነው፤ በሴቶች ላይ ግን ከወንዶች ይልቅ ወደ ብልት በኩልም ይታያል፣ በተለይ ከወሊድ በኋላ። ከስንጥቁ ጫፍ ላይ የምትበቅል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ስላለች በጣት ሲነኩ ኪንታሮት ትመስላለች። የሕክምናው ቅባት የተለየ ስለሆነ ልዩነቱ ዋጋ አለው።

ከቀን ወደ ቀን እየባሰ የሚሄድ፣ የሚሞቅ፣ የሚነዝር እብጠት ከትኩሳት ጋር ከመጣ መግል የያዘ እብጠት ነው እንጂ ኪንታሮት አይደለም። አንቲባዮቲክ ብቻ አይበቃውም፤ ተከፍቶ መፍሰስ አለበት። ሳይታከም ሲቀር አጠገቡ መግል የሚያፈስስ ትንሽ ቀዳዳ ትቶ ለዓመታት የሚመላለስ ችግር ይሆናል።

ብዙ ሆነው፣ ደርቀው፣ ጎመን አበባ መስለው በፊንጢጣና በብልት ዙሪያ የሚበቅሉት ደግሞ ኤች ፒ ቪ በተባለ ቫይረስ የሚመጡ ናቸው፤ እነሱንም ሰው ኪንታሮት ስለሚላቸው ለፋርማሲ ባለሙያ ስም ብቻ ነግሮ መድኃኒት መግዛት አያስተማምንም። እነዚህን ያስነሡት ዝርያዎች በአብዛኛው 6ኛውና 11ኛው ናቸው፤ የማህፀን በር ካንሰርን በብዛት የሚያስከትሉት 16ኛውና 18ኛው ናቸው። ይሁንና አንዱ ሲገኝ የማህፀን በር ምርመራ ለማድረግ ምክንያት ነው። ጠፍጣፋ፣ እርጥብ፣ ግራጫማ ሆነው የሚወጡትን ደግሞ ቂጥኝ ያስነሣቸዋል፤ በደም ምርመራ ይለያል፤ በመርፌም ይድናል።

የሚወጣው ነገር ከየትኛው ቀዳዳ እንደመጣም ይዩ። ከብልት የሚወጣ እብጠት የማህፀን ወይም የአንጀት ግድግዳ መውረድ ሊሆን ይችላል፤ በርካታ ልጅ በወለዱና በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ ይታያል። ከፊንጢጣ ራሱ የሚወጣ ትልቅ ነገር ሲሆን ደግሞ መስመሮቹን ይመልከቱ፦ ከመሐል ወደ ውጭ የተከፋፈሉ ቁርጥራጮች ከሆኑ ኪንታሮት ነው፤ በክብ በክብ የተደራረቡ እጥፋቶች ከሆኑ የወጣው አንጀቱ ራሱ ነው። ከከባድ ወሊድ በኋላ ዓይነ ምድር ወይም ጋዝ በብልት የሚያልፍ ከሆነ ፌስቱላ ነው። አዲስ አበባ ያለው የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታልና በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በሐረር፣ በይርጋለምና በመቱ ያሉት ቅርንጫፎቹ ይህን በነፃ ያክማሉ።

ደሙ ከተቅማጥና ከንፍጥ ጋር ተቀላቅሎ ከመጣ አሜባን ወይም ሌላ የአንጀት ኢንፌክሽንን ያስቡ፤ በሐይቅና በወንዝ አጠገብ ለኖረ ሰው ቢልሃርዚያንም። የዓይነ ምድር ምርመራ ርካሽ ነው፤ ያድርጉት።

ካንሰርንም መጥቀስ ግድ ነው። ከዓይነ ምድሩ ጋር የተቀላቀለ ወይም ጠቆር ያለ ደም፣ ለሳምንታት የተለወጠ የሆድ ልማድ፣ ተጸዳድተው እንዳልጨረሱ መሰማት፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ በምርመራ የተገኘ የደም ማነስ፣ ከወላጅ ወይም ከወንድም እህት አንዱ በአንጀት ካንሰር መያዝ፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ ኪንታሮት መኖሩ በዓይን ቢታይም እንኳ ውስጡ መታየት አለበት። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ አንዱ ሌላውን አያስተባብልም። አሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢዎች፦ ከ2021 ጀምሮ የሀገሪቱ የቅድመ ምርመራ ምክር ምልክት ለሌለው ሰውም ከ45 ዓመት ጀምሮ የአንጀት ምርመራ እንዲደረግ ነው።

ነፍሰ ጡርና አራስ ከሆኑ

በእርግዝና ጊዜ የሚወጣ ኪንታሮት አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ያንሳል፤ ለዚህ ነው ሐኪሞች በዚያ ወቅት ወደ ቀዶ ጥገና የማይቸኩሉት። አይረን በሚወስዱበት ጊዜ ዓይነ ምድሩ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ቢመጣ ከኪኒኑ ነው። ነገር ግን ጥቁር ሆኖ የሚያጣብቅ፣ የተለየ ክፉ ሽታ ያለው ከሆነና ማዞር ካለብዎ ከጨጓራ የሚመጣ ደም ሊሆን ስለሚችል አይጠብቁ። ድርቀቱን ፈርተው ኪኒኑን አያቋርጡ፤ ለአዋላጇ ይንገሯት፤ ሌላ ዓይነት ወይም ማለስለሻ ይሰጥዎታል።

አራስ ሴት የሚያሳስባት ስፌቱ ነው፤ ሕመሙ ከስፌቱ ይሁን ከኪንታሮቱ ለመለየት መስታወቱ ጠቃሚ ነው። አራስ ቤት የሚሰጡት አጥሚትና ተልባ ለድርቀት በጎ ናቸው። ተልባው ግን ውሃ ካልበዛበት ጥቅሙ ይቀንሳል።

ቤት ውስጥ የሚደረገው

ለብ ያለ ውሃ በንጹሕ ሳፋ አድርገው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀመጡበት፤ ጨው አያስፈልገውም፤ የሚያቃጥል ሙቀትም አይጠቅምም። በምግብ በኩል ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ በሶና ገብስ ያብዙ፤ በጾም ወቅት ከጾም ሰዓት በኋላ ውሃውን ያካክሱ። በርበሬ ኪንታሮት አያመጣም፤ ስንጥቅ ካለ ግን ያቃጥላል። የተፈጥሮ ጥሪ ሲመጣ አያዘግዩት፤ ስልክ ይዘው ሽንት ቤት አይግቡ፤ ወንበር ባለው ሽንት ቤት ከሆነ እግርዎን በትንሽ በርጩማ ላይ ያሳርፉ። ኮርቲዞን ያለውን ቅባት ከ7 ቀን በላይ አይጠቀሙ፤ ቆዳውን ያሳሳል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ማንኛውንም ቅባትና ማስታገሻ ከመጠቀምዎ በፊት ይጠይቁ።

«ነቅሎ ያወጣል» የሚባለውን የሚያቃጥል ባህላዊ መድኃኒት እንዳያስቀቡ። ኪንታሮቱን ሲያቃጥል አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ሽፋንም ያቃጥላል፤ ጠባሳው ሲሸበሸብ መውጫው ይጠብባል፤ ያን ጊዜ ለመጸዳዳት ራሱ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል።

ሐኪም ዘንድ

ምርመራው በግራ ጎን ተኝቶ የሚደረግ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ሐኪሙ ዙሪያውን ያያል፣ በጣት ይፈትሻል፣ ከዚያም አኖስኮፕ በተባለ አጭር ቱቦ ውስጡን ያያል፤ አንደኛ ደረጃ ኪንታሮት የሚታየው በዚህ ነው። ሴት ሐኪም ወይም ሴት ነርስ አብራ እንድትገኝ መጠየቅ መብትዎ ነው። ይዘው የሚሄዱት አጭር ይሁን፦ ከመቼ ጀምሮ፣ ደሙ ከምን ጋር፣ ይመለሳል ወይስ አይመለስም፣ ስንት ወሊድ፣ የሚወስዱት መድኃኒት።

ሕክምናው በደረጃው ይወሰናል። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ብዙ ጊዜ በምግብና በልማድ ለውጥ ይረጋጋል። እምቢ ካለ፣ ሦስተኛ ደረጃም ከሆነ፣ ትንሽ የላስቲክ ቀለበት በሥሩ ይታሰራል፤ ቀደም ሲል ከተጠቀሰው መስመር በላይ፣ ሕመም በማይሰማው ቦታ ስለሚታሰር ማደንዘዣ አያስፈልገውም። ትልቁና አራተኛው ደረጃ ወደ ቀዶ ጥገና ይሄዳል፤ ሚሊጋንና ሞርጋን በ1937 ለንደን ላይ ያሳተሙት ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል፤ የሚያገግሙበት ጊዜ ግን ለሳምንታት የሚያምም መሆኑን ተዘጋጅተው ይግቡ።

በላስቲክ ከታሰረ ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ የታሰረው ክፍል ደርቆ ከቀለበቱ ጋር ይወድቃል፤ ያን ቀን ጥቂት ደም ቢያዩ የሚጠበቅ ነው። ደሙ ካላቆመና የረጋ ደም ከያዘ፣ ወይም ሕመሙ እየባሰ ትኩሳትና ሽንት አልወጣ ማለት ከተከተሉ፣ ነገ ሳይሉ ወደ ታከሙበት ቦታ ይመለሱ።